የሕፃናት ዳሌ ውልቃት ታሪክ፦ ከፌራራ እስከ እኛ አንቀልባ



በወርኃዊ የቁጠባ ስብሰባችን ላይ ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ተደጋግሞ የሚነሳ አንድ ክርክር አለ። ታላላቆቻችን «ልጅ ያለጊዜው ከታዘለ እግሩ ይሸፈፋል፤ መጀመሪያ ቀጥ ተደርጎ ይጠቅለልና አጥንቱ ይጽና» ይላሉ። ወጣቶቹ እናቶች ደግሞ ከተማ ሄደው የሰሙትን ይዘው «እንዲያውም የሚጎዳው መጠቅለሉ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ክርክሩን በዕድሜ ብልጫ ወይም በድምፅ ከመዝጋት ይልቅ የነገሩን ታሪክ አንብበን፣ የሚያውቁ ባለሙያዎችንም ጠይቀን በዚህ እትም እንድንጽፈው ተስማማን። ታሪኩ ከጠበቅነው በላይ ረጅም ሆኖ አገኘነው። የእናቶች እጅም ከጠበቅነው በላይ አለበት።

ነገሩ የዳሌ መገጣጠሚያ ነው። የጭን አጥንት በላይኛው ጫፉ እንደ ኳስ የከበበ ራስ አለው። ይህ ራስ የሚቀመጠው በዳሌ አጥንት ላይ ባለ ጎድጓዳ ስፍራ ውስጥ ነው። በቤታችን ዕቃ ብንናገር ሙቀጫና ዘነዘና ማለት ነው። ሕፃኑ ሲወለድ ግን ሁለቱም ገና ሙሉ አጥንት አልሆኑም፤ አብዛኛው ክፍላቸው እንደ ጆሮ ቅርጫፍ የሚታጠፍ ለጋ ልም አጥንት ነው። ሙቀጫው በትክክል የሚጎደጉደው ዘነዘናው በውስጡ ተቀምጦ ሲንቀሳቀስበት ነው። ራሱ ከስፍራው ከወጣ ወይም ጠርዝ ላይ ከተንጠለጠለ ጎድጓዳው ጠፍጣፋ ሆኖ ያድጋል፤ ጠፍጣፋ ከሆነ ደግሞ ራሱን ይዞ ማቆየት ያቅተዋል። አንዱ ጉድለት ሌላውን እየወለደ ይሄዳል። ሐኪሞች ችግሩን በጠቅላላው ሂፕ ዲስፕላዥያ ይሉታል፤ ራሱ ጨርሶ ከወጣ የዳሌ ውልቃት ነው።

ክፋቱ ሕፃኑን አያመውም። አያስለቅሰውም፣ አያተኩሰውም፣ ጡት አያስተወውም። እናት የምትደነግጥበት ነገር ሳይኖር ወራት ያልፋሉ፤ ነገሩ የሚታወቀው ልጁ ቆሞ መሄድ ሲጀምር ነው። በአንድ በኩል ከሆነ ያነክሳል፤ በሁለቱም ከሆነ እንደ ዳክዬ ወዲያና ወዲህ እያለ ይሄዳል፤ ይህኛውን ደግሞ ብዙ ሰው «የልጅ አካሄድ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ልጆችን በብዙ እጥፍ ያጠቃል። የበኩር ልጅ የሆነች፣ በማኅፀን ውስጥ በመቀመጫዋ የቆየች ወይም በመቀመጫዋ የተወለደች፣ እናቷ ወይም እኅቷ ይኸው ችግር የነበረባት ልጅ ይበልጥ ትጋለጣለች። ከቀኝ ይልቅ ግራው ዳሌ ይበዛበታል።

የሰው ልጅ ይህን ችግር ካወቀው ቆይቷል። ከ2400 ዓመት በፊት ገደማ ከግሪኩ ሐኪም ከሂፖክራተስ ስም ጋር የሚጠሩት ጽሑፎች ሲወለዱ ጀምሮ ዳሌያቸው የወለቀ ሰዎች እንዳሉ ያነሳሉ። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት የተጨመረ ነገር ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1826 የፓሪሱ ቀዶ ሐኪም ዱፕዩትራን የሞቱ ሰዎችን ዳሌ ከፍቶ አጥንቶ ይህ ውልቃት በመውደቅም ሆነ በቁስል ከሚመጣው የተለየ፣ ከልደት የሚጀምር መሆኑን በዝርዝር ጻፈ። መድኃኒት የለውም ብሎም ደመደመ። በዘመኑ ትልቅ ስም የነበረው ሰው ስለሆነ ቃሉ ለብዙ ሐኪሞች እንደ ፍርድ ተቆጠረ። ራጅ የተገኘውም እ.ኤ.አ. በ1895 ነው፤ ከዚያ በፊት በሕይወት ያለን ልጅ ዳሌ ውስጡን አይቶ የሚናገር አልነበረም።

የዱፕዩትራንን ፍርድ ለመሻር ከተነሱት መካከል ስሙ ዓለምን የዞረው የቪየናው አዶልፍ ሎሬንዝ ነው። ሎሬንዝ ቀዶ ሐኪም ነበር። በዚያ ዘመን ጀርም ለመግደል ይጠቀሙበት የነበረው ካርቦሊክ አሲድ የእጁን ቆዳ ስለጎዳው ቢላዋ መያዝ ከለከለው፤ ስለዚህ ያለ ደም ማከምን ሥራዬ ብሎ ያዘ። ልጁን በማደንዘዣ አስተኝቶ፣ እግሩን በኃይል ስቦ ጠምዝዞ ራሱን ወደ ጎድጓዳው ይመልሰዋል፤ ከዚያ ጭኖቹን እንደ እንቁራሪት ከፍቶ ለወራት በጄሶ ያስረዋል። እ.ኤ.አ. በ1902 የቺካጎው የሥጋ ከበርቴ አርሞር ሎሊታ የምትባል ትንሽ ልጁን እንዲያክምለት ሎሬንዝን ከቪየና ባሕር አሻግሮ አስመጣው። ጋዜጦች ነገሩን አራገቡት፤ የድሆች እናቶችም ልጆቻቸውን ታቅፈው ሐኪሙ ወዳለበት ጎረፉ። ሎሬንዝ ለብዙዎቹ በነፃ እንደሠራላቸው ይነገርለታል፤ ይህ ያስመሰግነዋል። ሐኪም ከሌላ አገር ማስመጣት የሚችል አባት ያላት ልጅ ግን በዚያም ዘመን ከሺህ አንዷ ናት።

የሎሬንዝ መንገድ ልጆችን አስኪዷል፤ ዕዳም ነበረበት። ለጋውን ራስ የሚመግቡት የደም ሥሮች ቀጫጭን ናቸው። በኃይል ሲሳብ ወይም ጭኑ ከመጠን በላይ ተከፍቶ ሲታሰር ደሙ ይቋረጣል፤ ራሱም በውስጥ ሞቶ ይሰባበራል። በአሥራዎቹ ዕድሜ ሕመሙ ተመልሶ የመጣባቸው ብዙዎች ነበሩ። ይህን ነጥብ አንባቢዎቻችን እንድትይዙልን እንለምናለን፤ ወደ ራሳችን መንደር ስንመለስ ይፈለጋል።

አሁን ታሪኩ ወደ አንዲት እናት ይደርሳል። በሰሜን ጣሊያን በፌራራ ከተማ ማሪኖ ኦርቶላኒ የሚባል የሕፃናት ሐኪም ይሠራ ነበር። በዚያ አካባቢ ሕፃናትን ከእግር እስከ ብብት በረጅም ጨርቅ መጠቅለል የቆየ ልማድ ነበር፤ የዳሌ ውልቃትም በብዛት ይታይ ነበር። እንደሚተረከው በ1930ዎቹ አጋማሽ አንዲት እናት ጥቂት ወራት የሆነውን ሕፃን ይዛ ኦርቶላኒ ዘንድ መጣች። ልጇን ስታጥብ፣ ጭኖቹን ከፈት ስታደርግ በእጇ ውስጥ «ቀጭ» የሚል ነገር እንደሚሰማት ነገረችው። ሐኪሙ ዝም ብሎ አላሰናበታትም። እሱም እንደ እሷ ጭኖቹን ከፈተ፤ ያው ነገር ለእጁ ተሰማው። ራሱ ወደ ጎድጓዳው ሲመለስ የሚሰጠው ስሜት ነበር።

ኦርቶላኒ ነገሩን በብዙ ሕፃናት ላይ ፈትሾ እ.ኤ.አ. በ1937 አሳተመው። የዚያ ዓመት ጣሊያን በእኛ አገር ምን ትሠራ እንደነበር ማንም አይስተውም፤ በእኛ አቆጣጠር የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት የተፈጸመበት ዓመት ነው። የፌራራው የሕፃናት ሐኪም ግን በዚያው ዓመት ለዓለም ሕፃናት ሁሉ የሚሆን ነገር ጻፈ። ዛሬ በየትኛውም አገር የሕክምና ተማሪ የኦርቶላኒ ምርመራ ብሎ ይማረዋል። ሕፃኑ በጀርባው ይተኛል፤ ጉልበቶቹ ይታጠፋሉ፤ መርማሪው አውራ ጣቱን በጭኑ ውስጠኛ ጎን፣ ሌሎቹን ጣቶች በውጭ በኩል ያሳርፋል፤ ከዚያ አንድ በአንድ ጭኑን ቀስ አድርጎ ወደ ውጭ ይከፍታል። መሣሪያ አያስፈልገውም፤ መብራትም አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የሠለጠነ እጅ፣ የሞቀ ክፍልና ያላለቀሰ ሕፃን ነው። የዚያች እናት ስም ግን በየመጻሕፍቱ አልገባም። ይህ ብዙም አያስገርመንም።

ማስጠንቀቂያ እንጨምር፦ ይህን ምርመራ እናቶች በቤታችን እንድንሞክረው አንጽፍም። ያልለመደ እጅ ጉዳት ያደርሳል፤ በተለይ ደጋግሞ መሞከር። ከእናት የሚጠበቀው የፌራራዋ እናት ያደረገችው ነው፦ የተሰማትን ይዛ መሄድና መናገር።

እ.ኤ.አ. በ1962 እንግሊዛዊው ባርሎው ሌላ ግማሽ ጨመረበት። የእሱ ፈተና የወጣውን የሚመልስ ሳይሆን፣ በስፍራው ያለውን ራስ ቀስ ብሎ ገፍቶ ይወጣ እንደሆነ የሚያይ ነው። በሳልፎርድ ከተማ አዲስ የተወለዱ ሕፃናትን አንድ በአንድ ሲመረምር ከ60 አንዱ ገደማ የላላ ዳሌ እንዳለው አገኘ። ከእነዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከመቶ 88ቱ ደግሞ በሁለት ወር ውስጥ ያለ አንዳች ሕክምና ጸኑ። ስለዚህ ሲወለድ የላላ ዳሌ ሁሉ በሽታ አይደለም፤ ዳሌ «ቀጭ» ያለ ሁሉም አልወለቀም። ምርመራው አንድ ጊዜ ተደርጎ የማይተወው፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ የሚደገመው ለዚህ ነው።

ሕክምናውም በዚያው ሰሞን ረጋ ያለ መንገድ አገኘ። አርኖልድ ፓቭሊክ የሚባል የቼክ ሐኪም የሎሬንዝን ልጆች ዕዳ ያውቅ ነበር። ድንክ እንጨትና ጄሶ የልጁን እግር ገትረው ስለሚይዙት ራሱ ደም እያጣ እንደሚሞት አይቶ በ1940ዎቹ የተለየ ነገር ሠራ። ከትከሻ ላይ የሚያልፍ የጨርቅ ማንገቻ አለው፤ ከማንገቻው ወደ ታች የሚወርዱ ጠፍሮች አሉት፤ በጠፍሮቹ ጫፍ ላይ የሕፃኑ እግሮች የሚገቡበት እርካብ አለ። ፓቭሊክ ራሱም የጠራው ባለ እርካብ ማሰሪያ ብሎ ነው፤ ፈረስ ለሚያውቅ ለእኛ አገር ሰው ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ማሰሪያው ጉልበቶቹን አጥፎ ወደ ላይ ይይዛል፤ ጭኖቹ በራሳቸው ክብደት ቀስ ብለው ይከፈታሉ። ሕፃኑ ግን ይራገጣል፣ ይጫወታል፣ ጡት ይጠባል። መገጣጠሚያውን የሚመልሰው የሐኪም ጉልበት አይደለም፤ የራሱ የልጁ እንቅስቃሴ ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የተገኘ ሕፃን ብዙውን ጊዜ በዚህ ማሰሪያ ለሁለትና ሦስት ወራት ቆይቶ ይድናል። ቢላዋ የለ፣ ጄሶ የለ፣ ማደንዘዣ የለ።

በ1980 ገደማ ደግሞ ኦስትሪያዊው ራይንሃርድ ግራፍ የሕፃኑን ዳሌ በአልትራሳውንድ ማየት ጀመረ። ራጅ ልም አጥንትን ስለማያሳይ ከአራት እስከ ስድስት ወር ላልሞላው ልጅ ብዙም አይረዳም፤ አልትራሳውንድ ግን ያሳያል። ስለ መሣሪያው ይህን ያህል ይበቃል፤ በእኛ አካባቢ ከመሣሪያው ይልቅ የሚያሳስበን እጁ ነው።

ወደ ክርክራችን እንመለስ፦ መጠቅለል ወይስ ማዘል?

የዓለም ታሪክ በዚህ ላይ ግልጽ ምስክር ይሰጣል። ሕፃናቱ እግራቸው ቀጥ ተደርጎ፣ ጉልበታቸው ተገጥሞ በሚታሰሩበት አካባቢ ሁሉ የዳሌ ውልቃት በዝቶ ተገኝቷል። የሰሜን ጣሊያኖቹን ጠቅሰናል። በአሜሪካ የናቫሆ ሕዝቦች ሕፃኑን በእንጨት ሰሌዳ ላይ አስረው ይይዙ ነበር፤ በእነሱም ዘንድ ችግሩ ከሌላው ሕዝብ በብዙ ይበልጥ ነበር። የሚያስተምረን ግን የጃፓን ነው። እስከ 1960ዎቹ በጃፓን ከመቶ ሕፃናት ከአንድ እስከ ሦስት የሚደርሱት ይህ ችግር ይገኝባቸው ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሐኪሞች ሕፃናትን እግራቸውን ገትሮ መጠቅለል እንዲቀር ዘመቻ ጀመሩ፤ ትምህርቱም ለእናቶች ብቻ ሳይሆን ሕፃኑን ለሚጠቀልሉት ለአያቶችም ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ከሺህ ወደ አንድና ሁለት ወረደ። መድኃኒት አልተገዛም፣ ሆስፒታል አልተሠራም፤ የተለወጠው የጨርቁ አጠቃለል ነው።

በአፍሪካ የሚታየው ደግሞ ተቃራኒው ነው። በማላዊ የሚሠሩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት ከ2002 እስከ 2012 በሆስፒታላቸው የታከሙትን ከ40 ሺህ በላይ ልጆች መዝገብ አገላበጡ፤ በዚህ ችግር ታክሞ ወይም ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት የተመዘገበ አንድም ልጅ አላገኙም። ምክንያቱን በእናቶች ጀርባ ላይ አዩት። የታዘለ ሕፃን ጉልበቱ ታጥፎ፣ ጭኖቹ የእናቱን ወገብ ግራና ቀኝ አቅፈው ይውላል። ይህ አቀማመጥ ፓቭሊክ በማንገቻና በእርካብ የፈለገው አቀማመጥ ነው። የእኛ አያቶች ከቆዳ የሚሠሩት፣ በዛጎል የሚያስጌጡት አንቀልባም ሕፃኑን የሚይዘው እንዲሁ ነው።

እዚህ ላይ ወጣቶቹ እናቶች አሸነፍን እንዳይሉ አንድ ነገር አለ። ማዘል የሚጀመረው አንገቱ ሲጸና ነው። ዳሌው ለጋ የሆነባቸውና በቀላሉ የሚንሸራተትባቸው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን የአራስ ቤት ሳምንታት ናቸው፤ ሕፃኑ በእነዚህ ሳምንታት ተጠቅልሎ ይተኛል። በካቺሲ ብርድ ደግሞ ሕፃን አትጠቅልሉ ማለት ሞኝነት ነው። ጥያቄው አጠቃለሉ ነው። ደረቱና ክንዱ ይጠቅለል፣ ይሙቅ፤ ከወገብ በታች ግን ጨርቁ ላላ ብሎ ጉልበቱን እንዲያጥፍ፣ እንዲራገጥ ቦታ ይተውለት። ገላው ታጥቦ ቅቤ ሲቀባም «እግሩ ይቃና» ተብሎ ቁርጭምጭሚቶቹ ተገጥመው መሳብ አይገባቸውም። አዲስ የተወለደ ልጅ እግሩን ሰብስቦ የሚይዘው ጠማማ ስለሆነ አይደለም፤ በማኅፀን እንደዚያ ነበር፣ ለዳሌውም የሚስማማው እሱ ነው። እግሩ በመታዘል ይሸፈፋል የሚለው ሥጋት ደግሞ መሠረት የለውም፤ ሕፃናት ሁሉ ሲወለዱ እግራቸው ትንሽ የጎበጠ ነው፣ ሲያድጉ ይቃናል።

ስለዚህ ታላላቆቻችን ስለ ጊዜው፣ ታናናሾቻችን ስለ ጨርቁ ልክ ናቸው ማለት እንችላለን። ከገበያ ስለሚገዛው አዲስ ማዘያ ግን ሁላችንም ልናስብበት ይገባል። አንዳንዱ ሕፃኑን በብልቱ ላይ አንጠልጥሎ እግሮቹን ወደ ታች ያንዘላዝላቸዋል። ጨርቁ ከአንዱ ጉልበት እስከ ሌላው ጉልበት የሚደርስና መቀመጫውን የሚይዝ ከሆነ መልካም ነው፤ ካልሆነ ነጠላ ይሻላል።

በማላዊ መዝገብ አልተገኘም ማለት በእኛ ቤት አይገኝም ማለት አይደለም። ብርቅ ነገር ደግሞ የራሱ አደጋ አለው፤ ፈላጊ የለውም። በአገራችን ለረጅም ዘመን ያነከሰ ልጅ ሲታይ መጀመሪያ የሚታሰበው ፖሊዮ ነበር፤ ምክንያትም ነበረው። ከካቺሲ በጎጆና በጊንጪ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሆለታን ካለፈ በኋላ መናገሻን ያገኛል። በዚያ ያለው የቼሻየር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1962 በአገራችን ሥራ የጀመረው ድርጅት ነው። ፖሊዮ እግራቸውን ያሰነፈባቸው ሕፃናት ብረትና ክራንች እየተሠራላቸው፣ እየተለማመዱ ቆመው የሄዱበት ቤት ነው። ከፖሊዮ ሌላ የዳሌ ቲቢና መግል የቋጠረ መገጣጠሚያም ነበሩ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ያለ ትኩሳትና ያለ ሕመም ስታነክስ የመጣችን ልጅ ለይቶ የሚያይ ዓይን በቀላሉ አይገኝም ነበር። የክትባት ፕሮግራሙ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1980 ከተጀመረ ወዲህ ፖሊዮ እየቀነሰ ሄደ፤ «ፖሊዮ ነው» የሚለው ቃል ግን ከአፋችን አልወጣም።

ይህን የምንለው በወሬ አይደለም። ከአባሎቻችን የአንዷ ሴት ልጅ፣ የበኩር ልጇ፣ መሄድ ስትጀምር በግራዋ ታዘነብል ነበር። አንዱ «ፖሊዮ ነው» አላት፤ ሌላው ፀሐይ አላገኘችም አላት፤ ጎረቤት ደግሞ «እርጉዝ ሳለሽ ምን ረግጠሽ ነው?» ብሎ ጠየቃት። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጥ ጎድቷታል። ወደ ወጌሻ እንድትወስዳትም የመከሯት ነበሩ። ወጌሻን አንንቅም፤ የወለቀ ትከሻ ሲመልስ በዓይናችን አይተናል። ነገር ግን የሕፃን ዳሌ ትናንት ወድቆ የወለቀ አይደለም፤ ከነጎድጓዳው ሳያድግ የቀረ ነው። ስቦ መመለስ ሎሬንዝ በማደንዘዣ እያስተኛ ያደረገውና የደም ሥር የቆረጠው ሥራ ነው። ስብራትን በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ደም አቋርጦ እግር እስከ ማስቆረጥ እንደሚደርስ የአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል፤ ለሕፃን ዳሌም ፍርሃቱ ያው ነው። አባላችን ልጇን ለወጌሻ አልሰጠችም።

አዲስ አበባ ስትደርስ ልጅቷ ሁለት ዓመት አልፏታል። ራጁ ነገሩን በአንድ አፍታ አሳየ። በዚህ ዕድሜ ማሰሪያው አይሠራም። ከስድስት ወር እስከ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ባለው ጊዜ በማደንዘዣ አስተኝቶ ራሱን ያለ ቢላዋ ቀስ ብሎ መመለስና በጄሶ መያዝ ይቻላል፤ ከዚያ ካለፈ ግን ብዙውን ጊዜ ዳሌውን ከፍቶ ራሱን መመለስ፣ አንዳንዴም አጥንቱን ቆርጦ ጎድጓዳውን ማዘንበል ያስፈልጋል። ይህን የዳሌ አጥንት ቀዶ ሕክምና የቶሮንቶው ሳልተር በ1950ዎቹ መጨረሻ የጀመረው ነው። ልጅቷ ቀዶ ሕክምናው ተደረገላት፤ ከደረቷ በታች እስከ ቁርጭምጭሚቷ በጄሶ ሆነች። በጄሶ ያለ ልጅ አይታዘልም። እናቷ እንደ ዕቃ በሁለት ክንዷ ታቅፋት በአውቶቡስ ወደ ካቺሲ ተመለሰች፤ ለሁለት መቀመጫ ከፈለች። ለወራት ውኃ የሚቀዳላት፣ ገበያ የሚወጣላት የቡድኗ ሴቶች ነበሩ። ለመመላለሻውና ለአልጋው የወሰደችውን ብድር አሁንም እየከፈለች ነው። ልጅቷ ዛሬ ትሮጣለች፤ ሲደክማት ብቻ ትንሽ ያስታውቃል።

ይኸው ሕመም በሦስት ወሯ ቢገኝ የሚያስፈልጋት ማንገቻና እርካብ ነበር። እኛን ያንገበገበን ይህ ነው። ቆልማማ እግር ያለው ልጅ ሲወለድ አዋላጇም አያቱም ያዩታል፤ ስለዚህ በጊዜው በጄሶ ይቃናል። ዳሌ ግን በጨርቅ ተጠቅልሎ ይተኛል። ሕክምናው በአገራችን የለም እንዳይባል ደግሞ አለ፦ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የአጥንት ሐኪሞች ይሠለጥናሉ፣ ያክማሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው ኪዩር ኢትዮጵያ የሕፃናት ሆስፒታል የልጆችን አጥንትና መገጣጠሚያ ያክማል። የጎደለው ልጁ በጊዜው እዚያ መድረሱ ነው።

መንገዱ ደግሞ ከቤታችን ይጀምራል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየቀበሌው አሉ፤ ሴቶች ናቸው፣ ቤታችንን ያውቁታል። ሕፃናት በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ለክትባት ይወሰዳሉ። የስድስተኛው ሳምንት ክትባት ጭን ላይ ስለሚሰጥ ሕፃኑ ያን ቀን መገለጡ አይቀርም። እናት ማየት የምትችለው ይህ ነው፦ ልጁን አስተኝታ ጉልበቶቹን ስታጥፋቸው እግሮቹ መሬት ላይ ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ጉልበት ከሌላው ዝቅ ይላል ወይ? የሽንት ጨርቅ ስትቀይር አንዱ ጭን እንደ ሌላው አልከፈት ይላል ወይ? የጭኑ እጥፋት በአንድ በኩል ይበዛል ወይ? የእጥፋቱ ብቻ መለያየት በጤነኛ ልጅም ስለሚታይ አያስደነግጥም፤ ጭኑ አልከፈት ማለቱ ግን ሳይታይ መታለፍ የለበትም።

በዚህ መሠረት ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ሦስት ነገር ወስነናል። በመቀመጫዋ የተወለደች ወይም በቤተሰቧ ይህ ችግር ያለባት ሕፃን ያላት አባል፣ ምልክት ኖረም አልኖረም፣ ልጇን በስድስት ሳምንቷ ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳ ዳሌዋን እንድታስመረምር፤ ባለሙያ ወደ አምቦ ወይም ወደ አዲስ አበባ ከጻፈላት የትራንስፖርቱ ገንዘብ ከማኅበራዊ ድጋፍ ሣጥኑ ያለ ወለድ እንዲሰጣት፤ ከቡድኗ አንዲት ሴት አብራት እንድትሄድ። ደጋፊዎቻችን በየዓመቱ የምትልኩት ድጋፍ ከሚገባበት ቦታ አንዱ ይህ ሣጥን ነው፤ ሒሳቡ እንደ ወትሮው በዓመታዊ ሪፖርታችን ይወጣል።

በሚቀጥለው ወር ስብሰባ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በእንግድነት ትገኝልናለች። አጠቃለሉንና አስተዛዘሉን በአሻንጉሊት እያሳየች ታስረዳናለች። በቤታችሁ የእናታችሁ ወይም የአያታችሁ አንቀልባ የቀረላችሁ ካላችሁ፣ ዛጎሉ የረገፈም ቢሆን፣ ይዛችሁልን ኑ።